ያልተፈተነ ዘር

ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰኔ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ በኬልቪን ታረንት የአደን ውሾች ግቢ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ኬልቪን ራሱ፣ ሌሊቱን በጎቹ የተፈጁበት ጎረቤቱ ኔቪል ስትራከን፣ የአደን ጓዱ ሞስ ዴላኒ፣ እና በንጉሡ ልደት ዕረፍት ከሜልበርን የመጣችው የኬልቪን ልጅ ሮንዳ። ኔቪል የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ጠጠር ያለበት ቆርቆሮ ይዟል። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

«የመጀመሪያውን አምጣው» አለ ኔቪል።

ኬልቪን የመጀመሪያውን ውሻ በማነቂያው ይዞ አመጣና በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ አፉን ከፈተ። ኔቪል ጥፍር የምታህል ነጭ ጠጠር ከምላሱ ሥር አስገባ፤ አፉን ጨምቆ ይዞ እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን አሻሸው። ከዚያ ጠበቁ። ብዙ አይፈጅም። ውሻው እግሮቹን አንፈራጦ፣ ጀርባውን አጉብጦ የበላውን ሁሉ በውርጩ ላይ አወጣ። ኔቪል ጎንበስ ብሎ በእንጨት በታተነው። ያደረ የካንጋሩ ሥጋ ነው፤ ጥቂት ሣርም አለበት። ጠጉር የለም።

«ንጹሕ ነው» ብሎ ቀና አለ። «ቀጣዩን።»

በዚያ ሸለቆ ሕጉ ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። በግ በተነከሰ ቁጥር ውሻ ያለው ሁሉ ግቢውን ይከፍታል፤ ውሾቹም ሶዳ ይውጣሉ። ከሆዱ የበግ ጠጉር የወጣ ውሻ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጌታው እጅ ይሞታል። ፖሊስ አይጠራም፤ ካሳ አይጠየቅም፤ ነገሩም ከዚያ በኋላ አይነሣም። በምትኩ የበግ ባለቤቶቹ አዳኞቹን በመስካቸው ያሳልፋሉ። አጋዘኖቹ ወዳሉበት ተራራ ከኔቪል መስክ በቀር ሌላ መግቢያ የለም።

ሞስ ዝምታ የማይሆንለት ሰው ነው። የሦስተኛው ውሻ ትውከት ሲበታተን አንገቱን አስግጎ አየና፣ ኬልቪን ከራሱ ይልቅ ውሾቹን የተሻለ እንደሚያበላቸው፣ በሚቀጥለው እሑድ ለምሳ የሚመጣው ወደዚህ ግቢ እንጂ ወደ ቤቱ እንዳልሆነ ተናገረ። የሳቀለት የለም። ሮንዳ የእናቷን አሮጌ ካፖርት ደርባ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን ግቢ አትወደውም። የእሷ ቦታ ከቤቱ ጎን ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም የሆነው የእናቷ የጆይስ የውሻ ቤት ነበር።

ኬልቪን ውሾቹን ሳያመነታ ያቀርብ ነበር። ሞስ ይህን ሲያይ ሰውዬው በውሾቹ ምን ያህል ቢተማመን ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ነገሩ ግን እምነት አልነበረም። ኬልቪን ጠጉሩ ከየትኛው ሆድ እንደወጣ ያውቃል። አሁን የት እንዳለም ያውቃል። ምድጃው ውስጥ አመድ ሆኗል።

ጎሕ ሲቀድ ነው እንጨት ሊያመጣ የወጣው። በሩን ሲከፍት ፐርልን ደረጃው ላይ አገኛት። ጆይስ ለቁንጅና ውድድር ስታራባቸው ከኖረቻቸው ውሾች የቀረች እሷ ብቻ ናት። ጆይስ ስትሞት የቀሩት ተሸጡ፤ ፐርልን ግን ሮንዳ አስቀራት፤ የእናቷን ዘር ልትቀጥልባት አስባ ነበር። የክፍሏ መዝጊያ ብረት ከላላ ሰንብቷል፤ በዚያ በኩል ሳትወጣ አልቀረችም። ዳኞች ፊት እንድትቆም እንደተማረችው አራት እግሮቿን አስተካክላ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ቆማለች። ከአፍንጫዋ እስከ ደረቷ ቀይ ነው። የራሷ ደም መስሎት ተንበርክኮ ዳበሳት። ቁስል የለባትም። ጅራቷን ቆላችለት።

ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገብቶ በሩን ዘጋ። ሶዳው ጆይስ ያስቀመጠችበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ፐርል ያወጣችው ጠጉር እፍኝ ይሞላል። በጋዜጣ ጠቅልሎ ምድጃው ውስጥ ከተተው፤ ውሻዋን አጠባት፤ በፎጣ አደረቃት፤ ዶሮና ሩዝ አብልቶ ወደ ክፍሏ መለሳትና በሩን በሽቦ ጠፈረው። ሲመለስ ሮንዳ በሌሊት ልብሷ ማዕድ ቤት ቆማ አፍንጫዋን ይዛለች። ምንድን ነው የሚሸተው ብላ ጠየቀችው። የሱፍ ጓንቴ ምድጃው ላይ ወድቆብኝ ነው አላት። ፊቷን አጨፍግጋ መስኮቱን ከፈተች።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኔቪል ይመጣል፤ አዳኝ ውሾቹን ይፈትናል፤ ምንም አያገኝም። ጥፋቱ ከተራራው በሚወርዱት የዱር ውሾች ይሳበባል። ከበጎቹ በቀር ማንም አይሞትም። እዚያ ቆሞ ውሾቹን አንድ በአንድ ሲያቀርብ እንዲህ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

መጨረሻ የቀረው ቦስ ነበር። ቦስ የቡድኑ መሪ ውሻ ነው። ግራ ጆሮው በአጋዘን ቀንድ ተሰንጥቋል፤ አፍንጫው አካባቢ ሸብቷል፤ ድምፁን ግን ከሁለት ኮረብታ ማዶ ያሉ አዳኞች እንኳ ለይተው ያውቁታል። የኬልቪን እጅ ሳይጠጋው አፉን ራሱ ከፈተ። ሞስ ይህን አይቶ፣ ቦስ መድኃኒቱን ሐኪም ሳያዝለት ያውቀዋል አለ። ቦስ ዋጠ፤ ጠበቀ፤ አወጣ። ኔቪል ከሁሉም ይልቅ የእሱን ረዘም ላለ ጊዜ በታተነ።

ምንም የለም።

ሞስ እፎይ አለ። «የዱር ውሾች ናቸው። ከመጀመሪያውም አልኩህ እኮ ኔቭ። ኑ፣ ሻይ እንጠጣ፤ እግሬ ደነዘዘ።»

ኔቪል ቆርቆሮውን አልከደነውም።

«የዱር ውሻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር» አለ። «በጎቹ ሲራወጡ ሰምቼ ወጣሁ። ገና አልነጋም። በታችኛው አጥር በኩል አንድ ውሻ ሾልኮ ሲወጣ አየሁት። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ ነው። ጆሮው የተንጠለጠለ። እየሮጠ የመጣው ወደዚህ ነው። ከአንተ ግቢ በቀር እንደዚህ ያለ ውሻ በሸለቆው ውስጥ የለም፣ ኬልቪን።»

ኬልቪን የቦስን ማነቂያ አጥብቆ ያዘ። ኔቪል ያየው ነገር ይኖራል ብሎ ፈጽሞ አላሰበም ነበር።

«የትኛው ነው ታዲያ?» አለ ሞስ። በዚህ ጊዜ በድምፁ ጨዋታ አልነበረም።

«በዚያ ድንግዝግዝ ሁሉም አንድ ናቸው። ምናልባት ነክሶ አልዋጠም ይሆናል። ወይ ሶዳው ዘግይቷል።» ኔቪል ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ያዘው። «እኔም አልወደውም። ግን ሕጉን ታውቁታላችሁ።»

ያውቁታል። ውሻው ከአንድ ግቢ መሆኑ ተረጋግጦ ጥፋተኛው ሳይለይ ከቀረ፣ መሪው ውሻ በሕይወቱ ይከፍላል። የኬልቪንና የኔቪል አባቶች ይህን የደነገጉት ሰው ውሻውን እንዳይሸሽግ ነው። ጥፋተኛውን የደበቀ መሪውን ያጣል። መሪውን አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ እውነቱን መናገር ይቀልለዋል ተብሎ ነበር። ኬልቪን የአባቱ ሕግ እሱን ራሱን ሲይዘው ታወቀው።

ኔቪል ወደ ቤቱ አቅጣጫ ዞር ብሎ አየ። «ያቺ የጆይስ ውሻስ?» አለ፤ ግዴታውን ለመወጣት ያህል እንጂ ጠርጥሮ አልነበረም።

ሞስ ሳቁን መመለስ አቃተው። «ፐርል? እሷ እኮ ሳህኗን ለማግኘት እንኳ መንገድ መሪ ትፈልጋለች። በግ ብታይ እዚያው ራሷን ትስታለች።»

የኔቪልም ከንፈር ትንሽ ፈገግ አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል» አለ። «የእሷ ዘር ምንጣፍ ላይ ነው ያደገው። የእነዚህ ደም ላይ ነው።» ሮንዳ፣ ፐርል ሐሙስ ውድድር እንዳለባት፣ ሶዳ ከዋጠች ሆዷ እንደሚበላሽ መናገር ስትጀምር ኔቪል እጁን አነሣ፤ የሚነካት የለም አላት። በዚያች ቅጽበት ኬልቪን አፉን ቢከፍት ኖሮ ሊሆን የሚችለው ሌላ ነበር። አልከፈተም። ኔቪል ቆስለው ያልሞቱትን በጎች ከስቃይ ለመገላገል መሄድ ነበረበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ ብሎ ከሞስ ጋር በፒክ አፑ ወረደ።

ኬልቪን ከቦስ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ውሻው አገጩን ጉልበቱ ላይ ጣለ። ከቤቱ በኩል ሮንዳ የፐርልን ጠጉር በብሩሽ ስታበጥር የምታንጎራጉረው ይሰማል፤ ጆይስም እንዲሁ ታንጎራጉር ነበር።

ሁለቱ ውሾች ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱም ቢግል የሚባለው የውሻ ዘር ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

የፐርል ቅድመ አያት በእንጨት ሣጥን ውስጥ ሆና በመርከብ ከእንግሊዝ ነው የመጣችው። ወላጆቿ፣ የወላጆቿ ወላጆች፣ ሁሉም ስምና ሜዳልያ ነበራቸው። ጆይስ ፎቶግራፋቸውን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የማንን አንገት ከማን ጆሮ ጋር እንደምታጋባ ስታሰላ ታመሽ ነበር። ቡችሎቹ ዐይናቸው ሳይከፈት፣ በተወለዱበት ቀን ስም ታወጣላቸዋለች። ከዚያ የምትመርጠው በጆሮ ርዝመት፣ በጀርባ ቀጥተኛነት፣ ከሁሉ በላይ በዐይን ነው። ዐይናቸው የሚለምን መምሰል አለበት ትል ነበር። የሚለምን ዐይን አይቶ የሚያልፍ ዳኛ የለም። ለኬልቪንም ያንተዎቹ ወንበዴዎች፣ የእኔዎቹ እመቤቶች እያለች ትቀልድበት ነበር።

የቦስ ዘር አያት የለውም። የመጀመሪያዋ ውሻ የእንጨት ቆራጮች ሰፈር ሲዘጋ በገመድ ታስራ የቀረች ናት፤ የማን እንደነበረች ማንም አያውቅም። የኬልቪን አባት ከእሷ የተወለዱትን ቡችሎች ጡት ሲጥሉ በስትራከኖች በረት ከበጎች ጋር ይዘጋባቸውና በሳንቃው ቀዳዳ ይመለከት ነበር። አንዱ ቡችላ በጎቹን አሽትቶ ይተኛል። ሌላው ዐይኑን ይተክላል፤ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ያ ወደ ቤት አይመለስም። ስም የሚወጣው ለተመለሱት ብቻ ነው። አባቱ ይህን ሳያጓድል ኖረ፤ ኬልቪንም ከእሱ ተረክቦ አላጓደለም።

ባልዲው ላይ ተቀምጦ ይህን ሲያስብ፣ ዕድሜውን ሙሉ እያየው ያላየው ነገር ተገለጠለት። ሰው ሁሉ የቦስን ዘር የደም ዘር ይለዋል። ነገር ግን በዚያ ዘር ውስጥ በግ የሚመኝ ሁሉ ገና በቡችላነቱ ተለቅሟል። ቦስ ከለቀማው የተረፉት ልጅ ነው፤ ሞት በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እየፈተሸ ካሳለፋቸው የተወለደ። በጆይስ ውሾች በር ላይ ግን ማንም ቆሞ አያውቅም። ጆሯቸው ተለክቷል፤ ጥርሳቸው ተቆጥሯል፤ ከበግ ጋር ግን አንድም ቀን አልተዘጋባቸውም። ለምን ይዘጋባቸዋል? ከዚያ ከሚለምነው ዐይን በስተጀርባ ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ አልጠየቀም።

ሻዩን ሮንዳ አምጥታለት ነበር፤ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ስታዘነብል የኔቪል መኪና ድምፅ ተሰማ። ኬልቪን ተነሥቶ በግቢው በር ላይ ቆመ። ኔቪልና ሞስ ሲወርዱ፣ ሮንዳም ከቤት ስትወጣ ጠበቀ።

«ቦስ አይደለም» አለ። «ፐርል ናት።»

ሞስ ሊስቅ ጀምሮ የኬልቪንን ፊት ሲያይ ተወው። ኬልቪን ሁሉንም ተናገረ፤ ደረጃው ላይ እንዴት እንዳገኛት፣ ሶዳውን፣ እፍኝ የሚሞላውን ጠጉር። ንግግር የማይወድ ሰው ነውና ቃላቱ እየተቆራረጡ ይወጡ ነበር፤ ለራሱ ጆሮ እንኳ የተጠና ውሸት ይመስሉ ነበር።

«ጠጉሩስ የታለ?» አለ ኔቪል።

«አቃጠልኩት።»

«አቃጠልከው።»

ኔቪል አልተቆጣም። ቀኑን ሙሉ በግ ሲያርድ የዋለ ሰው ድካም ነበር ፊቱ ላይ። ያም ሆኖ ሕጉን አላጎደለም፤ ሮንዳን ውሻዋን እንድታመጣ ጠየቃት። ሮንዳ እያለቀሰች ፐርልን አቅፋ አመጣች። ሶዳውን ያዋጠቻት እሷው ናት። ፐርል እግሮቿን አስተካክላ ቆመች፤ ከዚያ አወጣች። ኔቪል በእንጨቱ በታተነው።

«ዶሮ በሩዝ» አለ ሞስ ቀስ ብሎ። «ከእኔ ምሳ ይሻላል።»

ኔቪል እንጨቱን ጣለው። «ጆይስ ከሞተች ዓመት አልሞላትም፣ ኬልቪን» አለ። «ቦስ ለአንተ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ብዙ ነገር ባሰብኩ። ግን የእሷን የመጨረሻ ውሻ በእሱ ምትክ ለማቅረብ… አባትህ ቢሰማ ያፍርብህ ነበር።»

«እውነቴን ነው።»

«ድሮም አትወዳቸውም» አለች ሮንዳ። የፐርልን አፍ በካፖርቱ እጅጌ እየጠረገች ነው። «እማዬ እያለች እንኳ አንድ ቀን ውድድር መጥተህ አታውቅም።»

ይህ እውነት ነበር። ሞስ ቦት ጫማውን ይመለከት ጀመር። ኔቪል ግን ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«የበግ ጠጉር ሲቃጠል ቤቱን ሁሉ ነው የሚሸተው» አለ። «አይደበቅም። ሮንዳ፣ ቤት ነበርሽ። ዛሬ ጠዋት የሸተተሽ ነገር አለ?»

ኬልቪን ልጁ ነገሩ ሲገባት አየ። በፐርል አንገት ላይ ይንቀሳቀስ የነበረው እጇ ቆመ። ቀና ብላ አባቷን አየችው። በዐይኖቿ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም፤ ልመና ነበር። እንዲህ አድርጋ ያየችው በእናቷ ሕመም ሰሞን፣ እማዬ ትድናለች አይደል ብላ ስትጠይቀው ነው። ያኔም እውነቱን መንገር አቅቶት ነበር።

«ተኝቼ ነበር» አለች።

ኔቪል ወደ ኬልቪን ዞረ። መስኮቱን የከፈተችው እሷ ናት የሚለው ቃል ኬልቪን ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ቢናገር ልጁ በሁለት ሰዎች ፊት ውሸታም ትሆናለች፤ ውሻዋ ከእቅፏ ትወሰዳለች፤ የእናቷ ዘር እዚሁ ሲሚንቶ ላይ ያከትማል፤ እሷም ዳግመኛ ወደዚህ ቤት አትመጣም። ባይናገር ደግሞ ቦስ አለ። ቦስ ከኋላው ተቀምጦ የእጁን ጀርባ ይልስ ነበር።

«ተኝታ ነበር» አለ ኬልቪን።

ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ ጠመንጃውን አመጣ።

ቦስ ጠመንጃውን ሲያይ ተነሥቶ ተንጠራራ። ለእሱ ጠመንጃ ማለት ተራራ ነው። ከግቢው ሲወጡ ሌሎቹ ውሾች እኛስ እያሉ አጥሩ ላይ ተንጠላጠሉ፤ እሱ ግን መሪ ነውና ዞር ብሎም አላያቸው። ሞስ አብሬህ ልሂድ አለው። ኬልቪን ራሱን ነቀነቀ።

መንገዱ ዳገት ነው። ባሕር ዛፎቹ ቅርፊታቸውን ጥለው ነጭ ሆነው ቆመዋል፤ የወደቀው ቅርፊት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ቦስ ከፊት ከፊት እየሄደ አፍንጫውን መሬት ላይ ይጎትታል፤ አልፎ አልፎ ቆሞ ጌታው መከተሉን ያያል። ከዳገቱ ወገብ ላይ የስትራከኖች መስክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜዳው ላይ ነጫጭ ነገሮች ተበታትነዋል። ከእነሱ ወዲያ በሕይወት የተረፉት በጎች ተጠጋግተው በአንድ ጥግ ቆመዋል። ቦስ ወደዚያ ተመለከተ። ነፋሱ የደሙን ሽታ እያመጣለት ነበር። አንዴ አሽትቶ ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ፤ ተቀምጦም የአደኑን ትእዛዝ ጠበቀ።

ኬልቪን ለረጅም ጊዜ ከኋላው ቆመ። ቦስ አልዞረም፤ አዳኝ ውሻ ትእዛዝ ሲጠብቅ ወደ ኋላ አያይም።

ታች የነበሩት ተኩሱን ሰሙ። ሞስ ኮፍያውን አወለቀ። አጥሩ ላይ የነበሩት ውሾች አንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዱ ማላዘን ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ኬልቪን ሲመለስ የሮንዳ መኪና ሞተሩ በርቶ ጠበቀው። ዕረፍቱ እስከ ሰኞ ነው፤ እሷ ግን ዕቃዋን ጭናለች። ፐርል በኋላ ወንበር፣ የጆይስ በሆነችው ባለ አበባ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድማለች። አባትና ልጅ በመስኮቱ በኩል ተያዩ።

«ከበግ አርቂያት» አላት።

«ከተማ ነው የምኖረው፣ አባዬ» አለች ሮንዳ። ሌላ የምትለው ያላት ይመስል ነበር፤ የመኪናውን መሪ ያዘችና ወደ ፊት አየች። ይቅርታ ይሁን ምስጋና፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ነገር፣ ሳይታወቅ መኪናው በሸለቆው ድልድይ ላይ አለፈ።

በልማዱ መሠረት ውሻው የተገደለበት ሰው የሞቱትን በጎች በመቅበር ያግዛል። ኬልቪን አካፋውን ይዞ ወረደ። ኔቪል በትራክተሩ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጠብቆታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጎቹን እግራቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ጎተቱ። ሊወልዱ የደረሱ ነበሩ፤ ሆዳቸው ከብዷል። ኬልቪን አንገታቸው ላይ ያለውን የጥርስ ቁስል ተመለከተ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ በትክክለኛው ቦታ። ፐርልን እንዲህ ያለ ሥራ ማንም አላስተማራትም።

ኔቪል አረፍ ብሎ ላቡን ጠረገ። ጭቃ የሌለበትን እጁን አንሥቶ የኬልቪንን ትከሻ ነካ። ነገሩ አልቋል አለው። የሚመጣው ቅዳሜ በመስኬ ትወጣላችሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ለሞስም ነግሬዋለሁ አለው። ኬልቪን ራሱን ነቀነቀ።

ትንሽ ቆይቶ ኔቪል እንደገና ተናገረ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«የልጅ ልጄ ኤልሲ ውሻ ግዛልኝ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችኝ። ሮንዳ ፐርልን በነሐሴ መጨረሻ ከወንድ ልታስጠቃት እንዳሰበች ስትነግረኝ ነበር። ከቡችሎቹ አንዷን ታስቀምጥልን። የዋህ ዘር ነው፤ ለልጅ ይሆናል።»

ኬልቪን አካፋው ላይ ተደገፈ።

«ነግሬሃለሁ እኮ፣ ኔቭ።»

«ያልከውን ረስቼዋለሁ» አለ ኔቪል በደግነት። «ሰው ለውሻው ሲል ብዙ ይናገራል። እኔም አልቀየምኩህ፤ አንተም አታንሣው።»

ከኮረብታው ጫፍ ላይ የነበረችው የመጨረሻ ብርሃን ጠፋች። ጥግ ላይ የተጠጋጉት በጎች እስካሁን አልተበታተኑም። ኬልቪን አካፋውን አነሣና አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመረ።

ፐርል በጥቅምት ማብቂያ ሜልበርን ውስጥ ወለደች። ለገና በዓል ሮንዳ ወደ ሸለቆው ስትመጣ ለኤልሲ አንዷን ቡችላ አመጣችላት።